ገጹ ሲገለጥ መብራት የሚበራበት የልጆች መጽሐፍ፦ ደመራው እየጠፋ አስቸገረኝ

መምህርት ከሐዋሳ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ሐዋሳ ውስጥ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነኝ። ለክፍሌ ልጆች ፖፕ አፕ መጽሐፍ እየሠራሁ ነው። ልጆቹ ከ5 እስከ 6 ዓመት ናቸው። ገጹ ሲገለጥ ሥዕሉ ብድግ ብሎ ይቆማል፤ ከሥዕሉ ጋር ደግሞ ትንንሽ መብራት ይበራል። ታሪኩም ሥዕሉም የራሴ ነው። አንዲት ልጅ በመስቀል ዋዜማ ከአያቷ ቤት ተነስታ ወደ ደመራው ትሄዳለች። ሦስት ትልልቅ ገጾች አሉት። አንዱ መስኮቷ የበራ ጎጆ ነው። ሁለተኛው ጨለማ ውስጥ የጅብ ዓይንና ከላይ ጨረቃ። የመጨረሻው የሚነድ ደመራ።

የተጠቀምኩት ኤ4 ብሪስቶል (ወፍራም የሥዕል ወረቀት) ለሁለት አጥፌ፣ ጀርባው የሚጣበቅ የመዳብ ፕላስተር፣ ትንንሽ ኤልኢዲ አምፖሎችና ሲአር2032 የሚባለው ባለ 3 ቮልት ክብ የሰዓት ባትሪ ነው።

አራት ነገር አስቸግሮኛል። ደመራው ላይ መዳቡን ከታች ገጽ ተነስቼ በእጥፋቱ በኩል ወደ ቆመው ሥዕል አሳልፌዋለሁ። መጀመሪያ ጥሩ ይበራል። ገጹ ደጋግሞ ሲከፈትና ሲዘጋ ግን ይጠፋል። የጅቡ ገጽ ላይ ሁለቱ ቀይ ዓይኖች ይበራሉ፤ ነጯ ጨረቃ ግን ጭራሽ አትበራም። ለብቻዋ ስሞክራት ደህና ናት። ደመራው መጽሐፉ ሲዘጋ ጫፉ ወደ ውጭ ይወጣል። ባትሪውም ቶሎ ያልቃል።

ልጆቹ ራሳቸው እንዲከፍቱት፣ እንዲነኩት እፈልጋለሁ። መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ «አትንኩ» የሚባል መጽሐፍ እንዲሆን አልፈልግም። የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

ሬዲዮ ጠጋኝ

እህቴ፣ ሥራሽ ደስ ይላል። ከጨረቃዋ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው እሱ ላይ ነው።

ኤልኢዲ እንደ ድሮው አምፖል አይደለም። እያንዳንዱ ቀለም የሚነቃበት የራሱ ቮልት አለው። ቀይ 2 ቮልት ገደማ ይበቃዋል። ነጭና ሰማያዊ 3 ቮልት አካባቢ ይፈልጋሉ። ሦስቱንም ጎን ለጎን ከአንድ ባትሪ ስታገናኛቸው ቀዮቹ ቀድመው ይነቁና ኮረንቲውን ይወስዱታል። የሰዓት ባትሪ ደግሞ ብዙ ኮረንቲ መስጠት አይችልም። ስለዚህ ቮልቱ ወደ 2 ይወርዳል። ጨረቃዋ የምትነቃበት ቮልት አይደርሳትም። አምፖሏ ምንም አልሆነችም።

መፍትሔው ቀዮቹን መግታት ነው። በእያንዳንዱ ቀይ ላይ ለየብቻ አንድ አንድ ሬዚስተር፣ ማለትም ኮረንቲ የሚገታ ትንሽ ዕቃ፣ አስገቢ። ሒሳቡ ቀላል ነው። ከ3 ቮልት ላይ የቀዩን 2 ስትቀንሺ 1 ቮልት ይቀራል። ለዓይን የሚበቃ ብርሃን በ0.01 አምፒር ይገኛል። 1ን ለ0.01 ስታካፍይው 100 ኦም ይመጣል፤ ኦም የሬዚስተር መለኪያ ነው። ሬዚስተሩ ላይ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቡናማ ቀለበት ካየሽ እሱ ነው። 220 ኦም ብታደርጊ ደግሞ ይበልጥ እወደዋለሁ፤ ቀለበቱ ቀይ፣ ቀይ፣ ቡናማ ነው። ዓይኖቹ ደብዘዝ ይላሉ፤ ለጅብ ዓይን እሱ ነው የሚያምረው። ባትሪም ይቆጥባል።

ምናልባት ሁለቱን ዓይኖች አንዱን ከአንዱ ቀጥለሽ በአንድ መስመር ለማገናኘት አስበሽ ከሆነ ተይው። ሁለት ቀይ በተከታታይ 4 ቮልት ይፈልጋሉ፤ አንቺ ያለሽ 3 ነው። አንድ የፕላስና አንድ የማይነስ መስመር ጎን ለጎን ዘርጊ። ሁሉም አምፖል አንድ እግሩን እዚህ፣ አንዱን እዚያ ያሳርፍ። ረጅሙ እግር ፕላስ ነው። እግሮቹ ተቆርጠው እኩል ከሆኑ የአምፖሉን ከንፈር ዙሪያውን ዳብሺ፤ ጠፍጣፋው ጎን ማይነስ ነው።

የደመራው መጥፋት ከመዳቡ ነው። መዳብ እዚያው ቦታ ላይ ደጋግሞ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በዓይን ላይታይ ይችላል። እጥፋቱን የግድ ማሻገር ካለብሽ ያረጀ የስልክ ቻርጀር ገመድ ቅደጂ። ውስጡ ቀይና ጥቁር ሽቦ አለ፤ እያንዳንዱ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ ነው። እሱ መታጠፍ ይችላል። እጥፋቱ ላይ ላላ አድርገሽ ተዪው፤ ከእጥፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀሽ በግራም በቀኝም በፕላስተር እሰሪው። ጫፎቹን መዳቡ ላይ በስታኞ በይጃቸው። ብየዳው ፈጠን ይበል፤ ቆይቶ ከሆነ ከመዳቡ ስር ያለው ማጣበቂያ ይቀልጥና ይነሳል።

የጆሮ ማዳመጫ ገመድ ግን አትጠቀሚ። የውስጡ ክር በቀለም የተሸፈነ ስለሆነ ካልፋቅሽው አያስተላልፍም፤ ያለ ምክንያት ያደክምሻል።

ወረቀት ቆራጭ

እኔ የሠርግ ካርድና የማስታወቂያ ፖፕ አፕ እሠራለሁ። ሬዲዮ ጠጋኝ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። ግን እኔ ብሆን እጥፋቱን ጨርሶ አላሻግረውም። የሚንቀሳቀሰው ወረቀቱ ብቻ ይሁን። መብራቱና መዳቡ በማይንቀሳቀሰው ገጽ ላይ ይተኛ።

ደመራው ራሱ ላይ አምፖል መለጠፍ አያስፈልግም። ደመራውን ከውስጥ ባዶ አድርገሽ ሥሪው፤ አምፖሉ ከሥሩ ገጹ ላይ ይቀመጥ። ብርሃኑ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። በእንጨቶቹ መካከል ቀጭን ክፍተት ቁረጪና ከኋላ ትሬሲንግ ፔፐር ወይም ስስ ብርቱካናማ ወረቀት ለጥፊበት። እሳቱ ከውስጥ የሚነድ ይመስላል። የአደይ አበባውን ላዩ ላይ ቀቢው። አምፖሉ ከእጥፋቱ 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፤ ገጹ ሲዘጋ እንዳይጫነው።

ጎጆውም እንደዚሁ። ወደ ፊት በሚወጣው ሣጥን ፊት ላይ መስኮቱን ቁረጪ፤ አምፖሉ ከሣጥኑ ኋላ ያለው ገጽ ላይ ይሁን።

መለኪያውን ልንገርሽ። ኤ4 ለሁለት ሲታጠፍ ገጹ ከእጥፋቱ እስከ ጠርዙ 14.8 ሴንቲ ሜትር ነው። ለሣጥን ዓይነት፣ ወደ ፊት የሚወጣበት ርዝመትና ቁመቱ ተደምረው ከዚያ ማነስ አለባቸው። ጎጆሽ 6 ወደ ፊት ወጥቶ 7 ከፍ ቢል ድምሩ 13 ነው፤ ሲዘጋ አይታይም። ደመራው ደግሞ መሃል ላይ በቪ ቅርጽ የሚቆም ይመስለኛል። የቪው ጫፍ የእጥፋቱ መሃል ላይ ካረፈ፣ ቁመቱን 10 ሴንቲ ሜትር አድርጊው። በየትኛውም በኩል ቢተኛ ጫፉ አይወጣም። ከዚያ በላይ ካስፈለገሽ ሲዘጋ ጫፉ ወደየት እንደሚተኛ ተመልከቺ፤ በዚያ አቅጣጫ እስከ ገጹ ጠርዝ ያለው ርቀት የመጨረሻው ወሰን ነው።

ቪውን ስትለጥፊ ሁለቱንም ክንፍ (ከሥሩ ታጥፎ ገጹ ላይ የሚጣበቀውን) በአንዴ ለማስተካከል አትታገዪ። አንዱን ክንፍ በመስመሩ ላይ ለጥፊ። ደመራውን አጥፈሽ አስተኚው። ሁለተኛው ክንፍ ላይ ኮላ ቀቢና ሌላውን ገጽ በላዩ ዝጊበት። ክንፉ ቦታውን ራሱ ይመርጣል። ጥቂት ደቂቃ ተጭነሽ ክፈቺው። በዓይን ለክቶ ከመለጠፍ በጣም የተሻለ ነው።

ብሪስቶሉ ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ ከሆነ የወረቀቱ ክር ወደየት እንደሚሄድ እዪ። ወረቀቱን ሳታጥፊ በሁለቱም አቅጣጫ ጎበጥ አድርጊው። በቀላሉ የሚጎብጥበት አቅጣጫ ላይ እጥፋቱን አድርጊ። ከማጠፍሽ በፊት ደግሞ ቀለም ባለቀበት ቢክ እስክሪብቶ መስመሩን በማስመሪያ ጫን ብለሽ አስምሪው። እጥፋቱ ቀጥ ይላል፤ ቀለሙም አይላጥም።

አንድ ልመና አለኝ። በብሪስቶሉ ከመሥራትሽ በፊት ሁሉንም ገጽ በተራ ወረቀት ሞዴል ሥሪ። ሥዕሉን መጨረሻ ላይ ሳዪ። ብዙ የደከምሽበት ሥዕል በመለኪያ ስህተት ሲቆረጥ ያሳዝናል።

ነርስ ነኝ

ይቅርታ፣ ስለ ሥዕሉ የምጨምረው የለኝም፤ ስለ ባትሪው ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

መምህርት፣ እባክዎ የሰዓት ባትሪውን ከዚህ መጽሐፍ ያውጡት። የሲአር2032 ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር ነው። ትንሽ ልጅ ቢውጠው ጉሮሮ ላይ ሊቀረቀር የሚችልበት መጠን ነው። እዚያ ከቆመ እርጥበቱ ኮረንቲ ያስተላልፍና አካባቢውን እንደ ኬሚካል ያቃጥለዋል። ከባድ ጉዳት በ2 ሰዓት ውስጥ ሊደርስ ይችላል። ያለቀ የሚመስል ባትሪም ይህን ያደርጋል፤ መብራት ማብራት ቢያቅተውም ሥጋ ለማቃጠል የሚበቃ ቮልት ይቀረዋል። አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ሲገባም እንዲሁ ነው። ልጁ መጀመሪያ ላይ ምንም ላያሳይ ይችላል፤ ወይም ምራቁ ይበዛል፣ መብላት እንቢ ይላል፣ ያስለዋል፤ ወላጅ ጉንፋን ይመስለዋል።

በፕላስተር ለጥፌዋለሁ ማለት አይበቃም። የ5 ዓመት ልጅ ፕላስተር መላጥ ጨዋታው ነው።

ምናልባት አንድ ልጅ ዋጠ ተብሎ ከተጠረጠረ ምልክት አይጠበቅ። ወዲያው ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል ይወሰድ። እንዲያስመልሰው አይሞከር። ከዋጠ 12 ሰዓት ያልሞላውና ዕድሜው ከ1 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ መዋጥ ከቻለ፣ በመንገድ ላይ በየ10 ደቂቃው ሁለት የሻይ ማንኪያ ማር መስጠት ጉዳቱን ይቀንሳል፤ ከስድስት ጊዜ አይበልጥም። ማሩን ፍለጋ ግን ጉዞው አይዘግይ።

ትንንሽ ጠንካራ ማግኔትም መጽሐፉ ውስጥ አይኑር። ሁለት ከተዋጡ አንጀት ውስጥ ይሳሳባሉ።

መምህርት ከሐዋሳ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነርስ ሆይ፣ ይሄን በዚህ ልክ አላውቅም ነበር። የሰዓት ባትሪውን ትቼዋለሁ። ታዲያ በምን ልተካው? የእጅ ባትሪ ድንጋይ ወፍራም አይሆንም? መጽሐፉ አልዘጋ ይለኛል።

ሬዲዮ ጠጋኝ

ነርሷ ልክ ናቸው። ቀጭኑን ድንጋይ ውሰጂ፣ ትሪፕል ኤ የሚባለውን፤ የሪሞት ድንጋይ የምንለውን። አንዱ 1.5 ቮልት ነው፤ ሁለቱ አንዱ ከአንዱ ቀጥሎ ሲያያዙ ያንኑ 3 ቮልት ይሰጡሻል። ውፍረቱ 10.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አቅሙ ደግሞ አይወዳደርም። የሰዓት ባትሪው 220 ሚሊአምፒር ሰዓት ገደማ ነው፤ ጥሩ አልካላይን ትሪፕል ኤ 1000 አካባቢ ይይዛል። ባትሪው ቶሎ ያልቃል ያልሽው በዚህ ይፈታል።

ማስቀመጫውን ከተበላሸ መጫወቻ ወይም ከጌጥ መብራት ፍቺ። ክዳኑ በብሎን የሚዘጋውን ምረጪ። የልጅ ጣት ብሎን አይፈታም። ባዶ ማስቀመጫም ለብቻው መርካቶ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጥባቸው ሱቆች ይገኛል፤ ሬዚስተሩንም ከዚያው አስመጪ።

አንድ ነገር ልብ በይ። እነዚህ ድንጋዮች ከሰዓት ባትሪ የበለጠ ኮረንቲ መስጠት ይችላሉ። ስለዚህ አሁን ሬዚስተር የግድ ነው፤ የሰዓት ባትሪው ራሱ ይገታው የነበረውን ከእንግዲህ የሚገታው እሱ ነው። ለቀይና ለቢጫ 100 ወይም 220 ኦም። ለነጯ 10 ኦም አካባቢ ይበቃታል።

ፕላስና ማይነሱ መዳብ እርስ በርስ ከተነካካ ደግሞ ድንጋዩ ይግላል። ሁለቱ መስመሮች ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ይራራቁ። የሚሻገሩበት ቦታ ካለ መሃላቸው ወረቀት ለጥፊ። ሠርተሽ ስትጨርሺ ድንጋዩን አስገብተሽ ሁሉንም ገጽ ዝጊና ጥቂት ቆይተሽ ድንጋዩን ዳብሺው። ከሞቀ የተነካካ መስመር አለ።

ወረቀት ቆራጭ

ውፍረቱን ለእኔ ተዪው። የኋላ ሽፋኑን ከዕቃ ካርቶን ሥሪ። ተራ ባለ ሞገድ ካርቶን 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ድንጋዩ ብቻውን ቢሆን አራት ድርብ ይበቃ ነበር፤ ማስቀመጫው ስለሚጨምር አምስት ወይም ስድስት አድርጊው። እነዚህን ሁሉ የማስቀመጫውን ቅርጽ ቆርጠሽ አውጪላቸው፤ ከላይና ከታች ደግሞ ሙሉ ሉህ ጨምሪ። በኋላ በኩል ግን ብሎን ያለበት ክዳኑ ብቻ ይታይ። ወፍራም የኋላ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ለትንሽ እጅም ይመቻል።

ከማስቀመጫው የሚወጡትን ሁለት ሽቦዎች በመጽሐፉ ጀርባ ቁመት ላይ አሳልፊያቸው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ገጽ ቅርንጫፍ አውጪ። ገጹንም ድርብ አድርጊው። ላይኛው ሥዕል ያለበት ብሪስቶል፣ ታችኛው ካርቶን፣ መዳቡ በመካከላቸው። አምፖሉ ካርቶኑ ላይ በተቆረጠ ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጥና በብሪስቶሉ ቀዳዳ ብቻ ብቅ ይበል። ባለ 3 ሚሊ አምፖል ከባለ 5 ይሻላል። ልጆቹ መዳብ የሚባል ነገር አያዩም፤ የሚልጡትም አያገኙም።

የሳይንስ ክበብ ከድሬዳዋ

የመዳብ ፕላስተር ለማያገኝ ሰው ልጨምር። እኛ የወጥ ቤት አልሙኒየም ፎይል እንጠቀማለን። 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቁራጭ ቆርጠን በስቲክ ኮላ እንለጥፋለን፤ ከላይ በስኮች እንሸፍነዋለን። በደንብ ያስተላልፋል። ጉድለቱ በተራ ስታኞ አይበየድም። የአምፖሉን እግር ፎይሉ ላይ አስተኝተን በሌላ ፎይል እንጠቀልለውና በስኮች ጥብቅ እናደርገዋለን። ለአንድ ሳምንት ሥራ ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ ለሚገለጥ መጽሐፍ ግን መዳቡን ይግዙ።

የእርሳስ መስመርስ ብለው እንዳያስቡ። 6ቢ የሚባለው ለስላሳና ጥቁር እርሳስ ያስተላልፋል፤ ግን ተቃውሞው ብዙ ስለሆነ አምፖሉ ይዳከማል። ለማሳያ ጥሩ ነው፤ ለመጽሐፍ አይሆንም።

አባት ከሜሪላንድ

እኔ ከልጄ ጋር እዚህ አሜሪካ ተመሳሳይ ሞክረናል። ስለ መዳቡ ማወቅ ያለባችሁ አለ። የመዳብ ፕላስተር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ማጣበቂያው ኮረንቲ ያስተላልፋል፤ አንዱ አያስተላልፍም። ለአትክልት ቀንድ አውጣ መከላከያ ተብሎ የሚሸጠው ርካሽ ነው፤ ማጣበቂያው ግን ብዙውን ጊዜ አያስተላልፍም። ስለዚህ አንዱን ቁራጭ በአንዱ ላይ ስትለጥፉ ተገናኘ ብላችሁ አትመኑ። ማዕዘን ላይ ስትደርሱ አትቁረጡት፤ ያንኑ ጥቅል እያጠፋችሁ አዙሩት። መቀጠል የግድ ከሆነ የላይኛውን ጫፍ ወደ ውስጥ እጠፉት፤ መዳብ ከመዳብ ይገናኝ። ወይም በይዱት። ከዚያ በማንኪያ ጀርባ ፈትጉት።

ሐሳቡም አዲስ እንዳልሆነ ለመምህርት ልንገራት፤ ብቻዋን እንዳይመስላት። በማሳቹሴትስ ኤምአይቲ በተባለው ዩኒቨርሲቲ ሚዲያ ላብ ውስጥ ጄ ቺ እና ሊያ ቢክሊ የተባሉ ባለሙያዎች መብራት ያለው ፖፕ አፕ መጽሐፍ ሠርተው በ2010 ስለ ሥራው ጽሑፍ አቅርበዋል። ከዚያ ወዲህ በወረቀት ላይ ሰርኪት (የኮረንቲ መስመር) መሥራት በብዙ ትምህርት ቤቶች የተለመደ ሆኗል።

ለደመራው ደግሞ በባትሪ የሚበራ የውሸት ሻማ ካገኘሽ አምፖሉን ፍቺ። ውስጡ ራሱ የሚያርገበግብ ትንሽ ቺፕ ያለው ኤልኢዲ አለ። እንደ ነበልባል ያርገበግባል። በዚያው 3 ቮልት ይሠራል። የሻማውን የሰዓት ባትሪ ግን አርቀሽ አስቀምጪ።

መምህርት ከሐዋሳ (ጠያቂ)

የውሸት ሻማው ድንቅ ሐሳብ ነው! አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ገጹ ሲገለጥ መብራቱ በራሱ እንዲበራ ነበር ምኞቴ። ማብሪያውን እንዴት ላድርገው?

የሳይንስ ክበብ ከድሬዳዋ

በራሱ ይብራ ካሉ፣ ሁለት መዳቦች የሚነካኩበትን ቦታ ያዘጋጁና መካከላቸው የሚገባ የወረቀት ምላስ ይሥሩ። ምላሱ ከተቃራኒው ገጽ ጋር ይያያዝ። ገጹ ሲገለጥ ምላሱ ይወጣል፣ መዳቦቹ ይነካካሉ፣ ይበራል። ሲዘጋ ይመለሳል።

ሬዲዮ ጠጋኝ

ምላሱ ያምራል፤ ግን ለ5 ዓመት ልጅ እጅ አይበረክትም። አንድ ቀን ጎበጥ ብሎ ሳይመለስ ይቀራል። መጽሐፉ ተገልጦ ከተረሳም ሌሊቱን ሲበራ ያድራል። የሚጫኑት ቁልፍ ይሻልሻል።

አሠራሩ ይኸውልሽ። ገጹ ጥግ ላይ ፕላሱን መስመር ቁረጪው። የተቆረጠበት ላይ መሃሉ የተበሳ ባለ ሁለት ፊት ስፖንጅ ፕላስተር ለጥፊ። በላዩ ከስር መዳብ የተለጠፈበት ብሪስቶል ክደኚው። ልጁ ሲጫን መዳቡ በቀዳዳው ወርዶ ክፍተቱን ይደፍነዋል። ጣቱን ሲያነሳ ስፖንጁ ይመልሰዋል፤ መብራቱ ይጠፋል። የሚጫንበት ላይ አንድ ነገር ሳዪበት። ደመራው ገጽ ላይ ችቦ ይሁን፤ ልጁ ችቦውን ሲነካ ደመራው ይለኮስ። ለልጅ ይሄ በራሱ ከሚበራው የበለጠ ደስ ይለዋል፤ ያበራው እሱ ነውና።

መምህርት ከሐዋሳ (ጠያቂ)

ጋሼ፣ ችቦው ላይ አሳመኑኝ። ለጎጆውም የአያቷን ኩራዝ፣ ለጅቡ ደግሞ ቁጥቋጦውን አደርጋለሁ። ልጆቹ አበባውን እንዲቀቡ እሰጣቸዋለሁ፤ መዳቡንና ብየዳውን እኔ ቤት እጨርሳለሁ። ወረቀት ቆራጭ፣ ደመራውን ወደ 10 ሴንቲ ሜትር አውርጄ በተራ ወረቀት ሞከርኩት፤ ሲዘጋ ምንም አይወጣም። ሁለተኛውን ክንፍ ገጹን ዘግቼ ለጥፌዋለሁ፤ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ሬዲዮ ጠጋኝ

ጎበዝ። ብሪስቶሉን ካርቶኑ ላይ ከመለጠፍሽ በፊት እያንዳንዱን ገጽ ለብቻው አብሪው። ከተለጠፈ በኋላ መክፈት አይቻልም። የድንጋዩን ጉድጓድ ደግሞ ቁልፉ ባለበት ጥግ ስር አታድርጊው፤ ሲጫኑ ካርቶኑ ይረግባል።

ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ብሎኑን ፈትተሽ ድንጋዮቹን አውጪ። ክረምቱን ውስጥ ከቆዩ ያፈስሳሉ፤ የፈሰሰው ማስቀመጫውን ይበላዋል፣ ካርቶኑንም ያረጥበዋል። ለመስከረም ሁለት አዲስ ድንጋይ ግዢ። አሮጌና አዲስ አትቀላቅይ።